የደንበኛ ወንበር

የምሠራበት ጫማ ቤት ውስጥ ወንበር ሞልቷል። ግድግዳውን ተከትሎ የተደረደረ፣ ስፖንጅ ያለው፣ ቀይ ሌዘር የለበሰ፣ እግር ለመዘርጋት የሚመች አግዳሚ ወንበር። ሻጭ ግን አይቀመጥበትም። ጠዋት ሱቁ ከተከፈተ ማታ እስኪዘጋ ድረስ አራት ሴቶች በሩ አጠገብ ተሰልፈን ውጭ ውጭውን ማየት ነው፤ ደንበኛ ኖረም አልኖረም። ሁላችንም ጋሼ የምንለው ባለሱቅ፣ የተቀመጠች ሻጭ ያየ ሰው ሱቁ የከሰረ ይመስለዋል ብሎ ያምናል። ገንዘብ ተቀባዩ ብቻ ነው የሚቀመጠው፤ እሱ ደግሞ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ሲነሣ ያማርራል።

ሥራ ያስገባችኝ አክስቴ ናት። እዚያ ስትሠራ ነው ያረጀችው ብል ትቆጣኛለች፤ ግን እዚያ ስትሠራ ነው ያረጀችው። ሁለቱ የሥራ ጓደኞቻችን እትዬ ይሏታል። ደንበኛ ገና ከበር ሲገባ አይታ የጫማ ቁጥሩን ትናገራለች፣ አትስትም። የምንኖረውም አብረን ነው። እኔን ክብሪት ትለኛለች፤ ቶሎ ስለምቀጣጠል።

አንድ ቀን ማታ ከሥራ እንደገባን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ለማውለቅ ትታገላለች። አልወጣ አላት። ተንበርክኬ ስስብላት አቃሰተች። እግሯን ሳየው ክው አልኩ። ከማበጡ የተነሣ ቁርጭምጭሚቷ የት እንደገባ አይታወቅም፤ በጣቴ የነካሁበት ጎድጉዶ ቀረ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“እግር ነዋ! ማታ ማታ እንዲህ ያደርገዋል፣ ጠዋት ይተወኛል።”

“ለምን ለጋሼ አትነግሪውም?”

“ምን ብዬ? አርጅቻለሁና አባርረኝ ብዬ?” እግሯን በፎጣ ሸፈነችው። “ደግሞ አንቺ ነገ ምላስሽን ሰብስቢ፣ እሺ?”

ሰበሰብኩ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ጭር ሲል፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ፣ ከሰልፉ ወጣሁና ሄጄ ቀዩ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

በቃ፣ ይኸው ነው ያደረግኩት። ግን ልቤ ደረቴን ጥሶ ሊወጣ ደረሰ! ደግሞ በዚያው ልክ እንዴት ደስ አለኝ! ለካ ያ ወንበር እንዲህ ይመቻል! ሁለቱ ጓደኞቻችን አፋቸውን ያዙ። ገንዘብ ተቀባዩ አንገቱን አሰገገ። ሦስቱም ሴቶች በሩን ጥለው መጥተው ከበቡኝ።

“ኧረ ተነሽ፣ ጋሼ መጋዘን ውስጥ ነው!” አለች አንዷ።

“ደንበኛ የለም እኮ” አልኩ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

“ተነሽ ብዬሻለሁ!” አለች አክስቴ። “እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ቆሜ፣ አንቺ ትናንት መጥተሽ ደከመሽ?”

ይሄ አንጀቴ ድረስ ዘለቀ። ጋሼ ቢያባርረኝ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ፤ አክስቴ ከናቀችኝ ግን ወዴት እገባለሁ? ቢሆንም አልተነሣሁም። ለእሷ ብዬ ነው የተቀመጥኩት ማለት አማረኝ፤ ግን በሰው ፊት ስለ እግሯ ባወራ በሕይወቷ ይቅር አትለኝም።

በዚህ መሀል አንድ ሰውዬ ገባ። ሁልጊዜ በመስኮቱ አጮልቆ የሚያልፍ፣ አንድም ቀን ገብቶ የማያውቅ ሰውዬ! ብድግ አልኩና “ምን ልርዳዎት?” አልኩት። ጫማ መረጠ፣ ለካ፣ ከፈለ። ልክ ጋሼ ከመጋዘኑ ሲወጣ ሰውዬው እየሳቀ እንዲህ አለን፦

“ሌላ ቀን በሩ ላይ ተደርድራችሁ ስታፈጡብኝ፣ ሳልገዛ ብወጣ የምታስሩኝ ይመስለኝ ነበር!”

ተሰናብቶን ወጣ። እኔም ተመልሼ ቁጭ።

“ምነው፣ አመመሽ?” አለኝ ጋሼ።

“ደህና ነኝ ጋሼ። ደንበኛ ሲመጣ እነሣለሁ፣ ሲሄድ እቀመጣለሁ። ሰውዬው ያለውን ሰምተዋል።”

ጋሼ ሰምቷል። መስማቱ ነው ይበልጥ ያናደደው። ፊቱ ቲማቲም መሰለና ወደ አክስቴ ዞረ።

“ያመጣሻት አንቺ ነሽ። ወይ አስነሻት፣ ወይ ይዘሻት ውጭ!”

አሁን ጉድ ፈላ። የእኔ ድፍረት በእሷ ላይ እንዲህ ይዞራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልነሣ ነበር፤ ሁለት እጄን ወንበሩ ላይ አስደግፌ ግማሽ መንገድ ደርሻለሁ። አክስቴ ወደ እኔ መጣች። ጆሮዬን ይዛ የምታስነሣኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ዓይኔን ስገልጥ አጠገቤ ተቀምጣለች። እንደኔ ጫፉ ላይ አይደለም፤ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ደልደል ብላ።

“ክብሪት፣ የእግር መለኪያውን አምጭ” አለችኝ።

እየበረርኩ አመጣሁ። ለደንበኛ እንደማደርገው ፊቷ ተንበርክኬ ጫማዋን አወለቅኩላት። ያንን ስትሸፍነው የኖረችውን እግር ጋሼም፣ ጓደኞቻችንም፣ ገንዘብ ተቀባዩም አዩት። መለኪያው ላይ አሳረፍኩትና ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁ። የሰውን ሁሉ ቁጥር በዓይኗ የምታውቅ ሴት፣ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ጫማ ውስጥ ስትጠቀጠቅ ኖራለች።

“አርባ!” ብዬ ጮህኩ። ደስታ ይሁን ንዴት አላውቅም፤ እንባዬ መጣ። “አርባ ቁጥር አምጡልኝ!”

ማንም አላመጣልኝም። ቀና ስል ሁለቱ ጓደኞቻችን ተጠጋግተው ከአክስቴ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ አንዷ በሳቅ ልትፈነዳ ነው። ሱቁ ውስጥ ቆሞ የቀረው ጋሼ ብቻ ነበር።

እኛን አየ። በሩን አየ። የአክስቴን እግር ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ አየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ መደርደሪያው ሄደ፤ ሁለት ካርቶን ይዞ መጣ።

“ጥቁሩ ሰፋ ይላል” አለ ቀስ ብሎ። ጫማዎቹን እግሯ ሥር አስቀመጠና በለመደው የሻጭ አንደበት፣ “ቆም ብለሽ ለኪው” አላት።

“እቆማለሁ ጋሼ” አለች አክስቴ። “መጀመሪያ ግን ልረፍ።”