የአስተማሪው ወንበር

ፅጌ ስህተቱን ያየችው ኮላው ከደረቀ በኋላ ነው። ልጇ ሩሀማ ከካርቶን በሠራችው ትንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነበር።

«አስተማሪው የት ሊቀመጥ ነው?»

«ረሳሁት እማ፤ ሞዴል እኮ ነው።»

«ሰኞ አብራሪነት ልትማሪ ትሄጃለሽ፣ ገና ካሁኑ ብቻሽን? ምን ዓይነት ሟርት ነው! ይሄ ሳይስተካከል ከዚህ ከታቦር ሰፈር አትወርጂም።»

ሩሀማ እየሳቀች ጣሪያውን በምላጭ ከፈተችው። ፅጌ ከክብሪት ቀፎ ሁለተኛ ወንበር ቆርጣ አስገባችና አንድ ሽምብራ አስተማሪ አድርጋ አስቀመጠችበት።

«አፍንጫው ቁጡ አስመሰለው» አለች ሩሀማ።

«ይቆጣ፤ ብቻ አንቺን በሰላም ያውርድልኝ።»

ጣሪያው ተመልሶ እስኪጣበቅ ፅጌ አጠገቧ ቆመች። ከዚያም እንዳትሄድባት ብላ ከሳምንት በፊት የደበቀችውን የልጇን ሻንጣ ከአልጋ ሥር አውጥታ ሰጠቻትና፣ ወትሮ ማታ ማታ በስጋት ሦስት ጊዜ የምትፈትሸውን የሳሎን በር አንዴ ብቻ ቆልፋ ልትተኛ ሄደች።