አንዷለም ሲቀድስ

የመሪጌታ አካለ ወልድ ልጅ አንዷለም ገና አራት ዓመቱ ነው፤ ቅዳሴውን ግን ከነዜማው ያንበለብለዋል። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም። አባቱ ተማሪዎቻቸውን ሲያስጠኑ ከጎን ሆኖ የሰማውን ነው አንዲት ቃል ሳይጥል የሚመልሰው። ለሉማሜ ሰው ይህ ከበቂ በላይ ነበር። ከይጁቤ ድረስ መጥተው የልጁን ራስ ስመው የሚመለሱ አሉ፤ "ይህስ ከእናቱ ሆድ ተምሮ የወጣ ነው" ይላሉ።

እናቱ የብርጓል ደግሞ ለሰው የማታወራው ነገር ነበራት። ልጇ አንድም ቀን "እማዬ" ብሎ አልጠራትም። ሲጠማው እጇን ይዞ እንስራው ዘንድ ይጎትታታል እንጂ "ውሃ" አይልም። በስሙ ስትጠራው ዞር አይልም። ይህን ለባሏ ብታነሳላቸው ሳቁባት።

"አንቺ ደግሞ፣ በግዕዝ የሚቀድስ ልጅ ውሃ ማለት ያቅተዋል? ተራ ወሬ አልፈልግም ብሎ ነው" አሏት። እሷም ልቧ ባይሞላም ዝም አለች፤ መሪጌታን የሚያህል ሊቅ ካላሳሰበው እኔ ምን ቤት ነኝ ብላ።

የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ዝናቡ ጥቂት ፋታ ሰጠ። ታቦቱ ወጥቶ፣ ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶት ሳለ አንዷለምን ከካህናቱ ፊት አቆሙት። ለጭቃው ብላ እናቱ የገዛችለትን ቦቲ ተጫምቷል። ቦቲው ለእግሩ በጣም ሰፊ ነበር፤ ያድግበታል ብላ ነው። ዲያቆኑ ጽናውን እያወዛወዘ፣ እያጠነ ባጠገቡ አለፈ። ልጁ እንደወትሮው ለስለስ አድርጎ እያዜመ ነበር። ድምፁ ድንገት ከፍ አለ።

የወትሮው አቀዳደስ አልነበረም። የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ያችኑ አንድ ክፍል ደጋግሞ፣ እየፈጠነ፣ እየጮኸ ይላታል። ሽማግሌዎቹ እንባቸው ወረደ። "መንፈስ ቅዱስ አደረበት" አለ አንዱ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። የብርጓልም ያ የከረመ ስጋቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቀቃትና ከሁሉም በላይ እልል አለች። ደስ አላት፤ ልጄ ምንም አልጎደለውም አለች በልቧ።

ቤት ገብታ ቦቲውን ልታወልቅለት ብትስብ አልወጣ አለ። ጠበቅ አድርጋ ጎተተችው። ከቦቲው ጋር የእግሩ ቆዳ አብሮ መጣ። ከውስጡም አንድ የከሰመ ከሰል ዱብ አለ።

የብርጓል ከሰሉን አንስታ አየችው። ከጽናው የወደቀ ፍም ነበር። ያ ሁሉ ሰው እልል ሲል፣ እሷም እልል ስትል፣ ልጇ ቆሞ ይቃጠል ነበር። ተንበርክካ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ለምን አልነገርከኝም" አላት አንዷለም፤ በራሷ ቃና፣ በራሷ ሲቃ።

ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ነርሷ ሲስተር ሃኒ ቁስሉን ስታጥብ ልጁ አላለቀሰም። ቅዳሴውን ጀመረ። ሃኒ እጇ ቀጥ አለ።

"ሲያመው ምን ይላል?" አለች።

ባልና ሚስት ተያዩ። ሁለቱም አያውቁም።

"የፈለገውን በጣቱ ያሳያል? ሲጠሩት ይዞራል?"

የብርጓል ለሰው ያላወራችውን ሁሉ ያን ጊዜ አወራች። ሃኒ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

"ኦቲዝም የሚባለው ይመስለኛል። እኔ አላረጋግጥም፤ ደብረ ማርቆስ ወስዳችሁ ሐኪም ይየው። የያዘው ቃል ብዙ ነው፤ ጠማኝ፣ አመመኝ የሚልበት ግን የለውም። ሲጨንቀው ያለውን ነው የሚያወጣው።"

"የእግዜርን ጸጋ በሽታ አደረግሽው" አሉ መሪጌታ። "ማርቆስ የሚባል ነገር እንዳይነሳብኝ።" ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። የብርጓል ልጇን አዝላ ከኋላ ከኋላ ሄደች፤ እንዴት አድርጋ እንደምታሳምናቸው አታውቅም።

ሰንበት ላይ ጎረቤት ሊጠይቃቸው መጣ። አንዷለም እግሩ ተጠቅልሎ መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። እንግዶቹ እየተጫወቱ ሳለ በድንገት ድምፁን አነሳ፤ ያችኑ ክፍል፣ ያንኑ ጩኸት። ከጎረቤቶቹ አንዷ፣ እትየ ወለተ ሐዋርያት፣ ልማድ ሆኖባት እልልታዋን ለቀቀችው።

"ዝም በይ!" ብለው ጮኹባት መሪጌታ።

መሪጌታ ሰው ላይ ሲጮኹ ታይተው አያውቁም። ተነስተው ልጁ ዘንድ ደረሱ፤ ጥምጥማቸው ወደቀ፣ አላነሱትም። ሸሚዙን አወለቁለትና ብብቱን፣ ጀርባውን፣ የጆሮውን ውስጥ ይፈትሹት ጀመር። "የት ነው የኔ ልጅ፣ የቱ ጋ ነው?" ይሉታል። ምንም አላገኙም። ልጁም አላቆመ።

የብርጓል ባሏ እንዲህ ሆነው ስታይ ደነገጠች። መሪጌታ መሬት ላይ ተቀምጠው ቀና ብለው አዩአት።

"በጥምቀትም እንዲህ ጮሆ ነበር" አሉ። "በኪዳነ ምሕረትም። እኔው ነኝ ከሰው ፊት ያቆምኩት። ያን ጊዜስ ምኑን አሞት ነበር?"