የግርጌው ማሳ ወይን

በወይን እርሻው የሚሠሩት ሁሉ «ምላሰኛዋ» ይሏታል። የሚያውቃት ሰው ስሙን ሲሰማ ይስቃል፤ እሷ ጠዋት «እንደምን አደራችሁ» ካለች እስከ ማታ ይበቃታልና። ስሙ የወጣላት ከወሬዋ ሳይሆን ከሥራዋ ነው። የወይን ጠጅ ቀማሽ ናት። አንድ ጉንጭ ትይዝና ዓይኗን ጨፍና ወዲያ ወዲህ ታንከባልለዋለች፤ ከዚያ ትተፋውና ፍሬው ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ ትናገራለች።

እርሻው የአጎቷ ነው። ወላጆቿን በልጅነቷ ስላጣች ያሳደጓት አጎቷና ሚስታቸው እትዬ ናቸው። ኮረብታውን ጋደም ያለ ሰው አስመስለው ነው የከፋፈሉት፦ ላይኛው ማሳ ራስጌ፣ መካከለኛው ወገብ፣ ታችኛው ግርጌ ይባላል።

ራስጌ ጠጠር ነው። ቀን ድንጋዩ ይግላል፣ ሲመሽ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል፤ ፍሬው ቆዳው ይወፍራል። ወይን ጠጁ ኮምጠጥ ይላል፣ ጦስኝ ጦስኝ ይሸታል፣ ምላስን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ወገብ ቀይ አፈር ነው። ውሃውም ፀሐዩም በልኩ ስለሆነ ፍሬው ሳይቸገር ይበስላል፤ ወይኑም እንደ በሰለ ፕሪም ለስላሳ ነው። አጎቷ «ወገብ ጨዋ ነው፣ ከማንም አይጣላም» ይላሉ። ግርጌ መረሬ፣ ጥቁር ጭቃማ አፈር ነው። ጭጋግ ይተኛበታል፣ ፍሬው ዘግይቶ ይደርሳል፤ ወይኑም እርጥብ ድንጋይና ዝገት ዝገት የሚል፣ እንዳኮረፈ ሰው ቶሎ የማይፈታ ነበር።

ይህ ኮረብታው ከመናዱ በፊት ነው። አንድ ክረምት ዝናቡ አላባራ ብሎ ሰነበተና፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የራስጌ ጠርዝ ተገምሶ ወረደ። ግርጌን ከነወይን መጭመቂያ ቤቱ ዋጠው። እትዬ ቅርጫት ሊያነሡ መጭመቂያ ቤት ገብተው ነበር። ጎረቤት ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ፤ ቤቱ የነበረበትን ቢቆፍሩ ቢቆፍሩ ጭቃው መልሶ ይሞላዋል። በመጨረሻ ሰው ሁሉ ዛለ። ከኮረብታው ማዶ ባዶ መቃብር ላይ ድንጋይ አቁመው ተመለሱ።

መሬቱ ሲረጋ አጎቷ በናዳው ላይ አዲስ ወይን ተከሉ። «ባዶውን አልተወውም» አሉ።

ተክሉ አድጎ የመጀመሪያው ወይን ጠጅ በደረሰ ጊዜ፣ በመቅመሻው ክፍል አራት ሰዎች ተቀመጡ፤ አጎቷ፣ ጠማቂው፣ ከከተማ የመጣች ነጋዴና ምላሰኛዋ። የወይኑ ቀለም እንዲለይ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል። ጠማቂው የየትኛው ማሳ እንደሆነ ሳይናገር ብርጭቆዎቹን ደረደረ።

የመጀመሪያውን ቀምሳ «ራስጌ» አለች። ሁለተኛውን «ወገብ፤ ከአጥሩ በኩል ያለው፣ ጥላ የሚበዛበት» አለች። ጠማቂው ራሱን ነቀነቀ። ሦስተኛው ላይ ቆም አለች። ጦስኙ አለ፣ ዝገቱም አለ። የራስጌ ጠጠር በግርጌ መረሬ ላይ ስለተደፋ ሁለቱ እኩል ያወራሉ፤ ይሄ የሚጠበቅ ነው። ልትተፋው ስትል ግን ከበስተኋላ ሌላ ነገር መጣ።

ቅርንፉድ ነው።

እትዬን ጥርስ እረፍት ነስቷቸው ነበር። ሕመሙን ለማስታገስ ሁልጊዜ አንድ ፍሬ ቅርንፉድ በጉንጫቸው ይይዛሉ። ልጅ ሳለች ትኩሳት ሲይዛት ግንባሯን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ የሚሸታት እሱ ነበር። አሁንም ከቅርንፉዱ ጋር የሰው ትንፋሽ የሚያህል ለብታ መጣ። ዋጠችው። በሥራዋ ላይ ወይን ስትውጥ ያ የመጀመሪያዋ ነው።

«ምን አገኘሽበት?» አለ ጠማቂው።

«ቅርንፉድ።»

«እኔም አግኝቼዋለሁ» አለች ነጋዴዋ ደስ ብሏት። «በጣም ያምራል። ከበርሜሉ ነው አይደል?»

ጠማቂው ብርጭቆውን አሽከረከረ። «ቅርንፉድ የሚመጣው ከእንጨቱ ነው፣ ልክ ነሽ። ይሄ ግን እንጨት የሚባል አላየም። የከረመው ሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ነው።»

አጎቷ የያዙትን እስከ አተላው ጨለጡት። «ይሄኛው አይሸጥም» ብለው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ አጎቷ ያለዚያ ወይን ገበታ አይቀርቡም። በሁለት ብርጭቆ ይቀዳሉ፤ አንዱን ይጠጣሉ፣ ሌላውን ባዶው ወንበር ፊት ያስቀምጡታል። ስለ አጥሩ፣ ፍሬ ስለሚለቅሙ ወፎች፣ ስለሚያፈስ ቧንቧ ያወራሉ። ምላሰኛዋን ያስፈራት ማውራታቸው አልነበረም። ያስፈራት ማዳመጣቸው ነው፤ ዝም ብለው ይቆዩና «እሱስ እውነትሽን ነው» ይላሉ። ከስተው ሱሪያቸው በቀበቶም አልያዝ አለ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ድፍረት አገኘች። «ጋሼ፣ እትዬ ምን ይሉዎታል?»

«በረደኝ ትላለች» አሉ ቀና ሳይሉ። «ከዚያ ሌላ ምንም አትልም። የቀረውን የማወራው እኔ ነኝ።»

ለቀማ ሊጀመር ሲል፣ ጭጋጉ ገና ሳይነሣ ብቻዋን ወደ ግርጌ ወረደች። ከየመስመሩ ፍሬ እየቀጠፈች ቆዳውን አኘከች፣ ዘሩን ሰነጠቀች። ፍሬ እንደ ወይን ጠጅ አይናገርም፤ ጣፋጩ ሁሉን ይሸፍነዋል። ዳር ዳር ያለው ጦስኝና ዝገት ብቻ ነው። ወደ መካከል ስትገባ ቅርንፉዱ እንደ ሹክሹክታ ጀመረ። አንድ መስመር ስታልፍ ደከመ፤ ተመለሰች፣ በረታ። በጨለማ ቤት ግድግዳ እንደሚዳብስ ሰው እየተመላለሰች ከአንድ ግንድ ፊት ደረሰች። ከሱ የቀጠፈችው ፍሬ አፏን በረዶ አደረገው። ጥርሷ ተንቀጫቀጨ። ከጀርባዋ ሰው የቆመ መሰላት፤ ለመዞር አልደፈረችም።

«እዚህ ነዎት፣ እትዬ?» አለች ቀስ ብላ።

ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም። አንገቷ ላይ ግን ያው ለብ ያለ ትንፋሽ አረፈ።

ቦታው መጭመቂያ ቤቱ ከነበረበት ይርቃል። ናዳው ቤቱን ገፍቶ ወስዶት ኖሯል፤ ያን ጊዜ ሰው ሲቆፍር የዋለው ሌላ ቦታ ነው።

ለአጎቷና ለጠማቂው ነገረቻቸው። ጠማቂው ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «ሥር ውሃ ይስባል፣ ማዳበሪያ ይስባል። ሰው አይስብም፣ እህቴ።»

«አውቃለሁ። ቢሆንም ቆፍርልኝ።»

«አይቆፈርም» አሉ አጎቷ። ድምፃቸው የልመና ነበር። «ካወጣችኋት ትሄድብኛለች። አሁን እኮ ቢያንስ ገበታ ላይ እንገናኛለን።»

ምላሰኛዋ አጠገባቸው ቁጭ ብላ እጃቸውን ያዘች። «ጋሼ፣ በረደኝ እያሉዎት?»

አጎቷ እጃቸውን ከእጇ አላቀቁ። ከዚያ ተነሡና ዶማውን ራሳቸው ከግድግዳው ላይ አወረዱ።

ግንዱን ነቅለው ሲወርዱ ጠጠሩ አለቀና መረሬው መጣ። የጣሪያ ወራጅ አገኙ፤ ከወራጁ ሥር የእትዬ ሹራብ። የወይኑ ሥሮች በሹራቡ ቀዳዳ ሁሉ እንደ ክር ገብተው አብረው ተሠርተዋል። ጠማቂው መቀስ አወጣ፤ አጎቷ ከለከሉት። ጭቃው ውስጥ ተንበርክከው ሥሮቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ፈቱ። እስኪጨርሱ ጀንበር አዘቀዘቀች፤ ማንም አላጣደፋቸውም። በማግስቱ እትዬን ድንጋዩ ከቆመበት አሳረፏቸው።

የሚቀጥለው ዓመት ወይን ሲደርስ በመቅመሻው ክፍል ሦስት ሆነው ተቀመጡ። ምላሰኛዋ የግርጌውን ያዘች፣ አንከባለለች፣ ተፋች። ደግማ ቀመሰች። አጎቷ የሚያዩት ብርጭቆውን ሳይሆን ፊቷን ነበር።

«አለች?»

ለመዋሸት ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። የሽማግሌው ሰው ዓይን የሕፃን ዓይን ሆኗል።

«የሉም፣ ጋሼ። ጦስኝና እርጥብ ድንጋይ ብቻ ነው።»

አጎቷ የራሳቸውን ቀመሱ። ረጅም ጊዜ በአፋቸው ያዙት። «ጥሩ ወይን ነው» አሉ በመጨረሻ፤ «ይሸጥ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው አለቀሱ። ከናዳው ወዲህ ሲያለቅሱ ስታያቸው ያ የመጀመሪያዋ ነው። ቀስ በቀስ ምግብ ይበላላቸው ጀመር፤ በአንድ ብርጭቆም መጠጣት ለመዱ።

ምላሰኛዋ ግን እንደ ድሮዋ አልሆነችም። ዛሬ በሌሎች እርሻዎችም እየተጠራች ትቀምሳለች፤ ብርጭቆ ከማንሣቷ በፊት ስለ አፈሩና ስለ ፀሐዩ ሳይሆን፣ መሬቱ ላይ ቀድሞ ማን እንደነበረ ትጠይቃለች። ሰዎች የሥራዋ ፈሊጥ ይመስላቸዋል። በቅርቡ አንድ ባለ እርሻ «ማንም አልነበረም፤ ጫካ ነው ያቀናሁት» አላት እየሳቀ። ቀመሰች። ተፋችና አፏን በጨርቅ ጠረገች፤ ጨርቁን በጥንቃቄ አጣጠፈችው።

«እዚህ ማን እንደነበረ የአካባቢውን አዛውንቶች ይጠይቁ» አለችው፤ ቦርሳዋንም አንሥታ ወጣች።