አንድ ጉንጭ ውሃ

ያን ዕለት አንድ ጉንጭ ውሃ ብትሰጠው ኖሮ እግዚአብሔር ምን ይላት ነበር?

አያት ይህን ጥያቄ ራሷን መጠየቅ ከጀመረች አሥራ አንድ ወር ሆናት። ሰሃን ስታጥብ ትጠይቃለች። ሽንኩርት ስትልጥ ትጠይቃለች። ከቤት ስትወጣ በሩ መቆለፉን ሦስቴ፣ ምድጃው መጥፋቱን አራቴ ካረጋገጠች በኋላ እንኳ መንገድ ላይ ቆም ብላ ትጠይቃለች።

ድሮም መጨነቅ ልማዷ ነው። ደመና ሳይታይ ጃንጥላ፣ ልጅ ሳያስነጥስ መድኃኒት የምታዘጋጅ ሴት ናትና ሰፈሩ “እማማ ስጋት” ይላታል። ከታች የምትኖረው ልብስ ሰፊ፣ መርፌውን በጥርሷ ነክሳ፣ “እማማ ስጋት፣ አንቺ እኮ ገነት ብትገቢም አጥሩ ይወድቃል ብለሽ ውጭ የምትቆሚ ነሽ” እያለች ትስቅባታለች። አያትም አብራ ትስቃለች። አሁን አሁን ግን ራሷን ነቅንቃ ብቻ ታልፋለች።

ባሏ ቧንቧ ሠሪ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ በሰፈሩ ውስጥ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ተንጋሎ ያልገባበት ቤት የለም። “ጠብታ አትናቁ፣ ጠብታ ቤት ያፈርሳል” ማለት ስለሚያበዛ ጋሽ ጠብታ ብለውት ቀሩ። ታዲያ የሰውን ቤት ቀዳዳ ሁሉ ሲደፍን የራሱ ወጥ ቤት ቧንቧ ዕድሜ ልኩን ያንጠባጥብ ነበር። “ነገ ጎማውን እቀይረዋለሁ” ይላል። ነገ ግን የሌላ ሰው ቤት ይፈነዳል።

ባልና ሚስቱ በአንድ ነገር ብቻ አይስማሙም ነበር። እሷ ስትጸልይ እጅና እግሯን ታጥባ፣ ራሷን ተከናንባ፣ ቃሉን በተራ በተራው ነው። አንዲት ቃል ከዘለለች ከመጀመሪያው ትጀምራለች። እሱ ደግሞ እንደ ተንጋለለ፣ መፍቻውን እንደ ጨበጠ፣ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሮ፣ “ጌታዬ፣ ይቺን ነገር አብረን እንፍታት” ይላል። ይኸው ነው ጸሎቱ።

“እጅህን እንኳ ሳትታጠብ!” ትለዋለች።

“እጄን ያውቀዋል።”

“ዝም በል፣ እንዳይቀስፍህ!”

“እሱ እኮ የመሥሪያ ቤት ዘበኛ አይደለም፣ መታወቂያህን ረሳህ ብሎ የሚመልሰኝ።” ከዚያ ይስቅና፣ “አየሽ የኔ ስጋት፣ አንቺ ቧንቧውን ስትወለውይ እኔ ውሃውን እጠጣለሁ” ይላታል።

እሷ ግን ያደገችው በእናቷ እጅ ነው። ለቁርባን በሚሄዱበት ጠዋት እናቷ ፊቷን ሲያጥቧት፣ “ከንፈርሽን ግጠሚ! አንዲት ጠብታ ከገባች ተመልሰን እንገባለን” ይሏት ነበር። አንድ ጊዜ ገብታባት፣ ምንም ሳትናገር ሄዳ ቆርባ፣ ሳምንቱን ሙሉ መሬት ተከፍቶ እንዲውጣት ስትጠብቅ ከረመች። መሬት አልተከፈተም። እሷም ማንንም ሳትጠይቅ አረጀች።

ጋሽ ጠብታ በሳንባው ታመመ። ሐኪሞቹ፣ “ከዚህ በኋላ ቤቱ ይሻለዋል” ብለው መለሱት። አንድ ቀን ራሱ፣ “ቄሱን ጥሪልኝ፣ ልቁረብ” አለ። ደስታዋ ወደር አልነበረውም። ቄሱ በነጋታው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ አሉ። ከዋዜማው ጀምሮ በከንፈሩ ምንም እንዳያልፍ ራሷ ዘብ ቆመች። ብርጭቆውን ሳይቀር ከአልጋው አጠገብ አነሣችው።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ቄሱ ቀብር ላይ ቆይተው ኖሮ አልመጡም። አራት ሰዓት ሆነ።

“ውሃ” አለ።

“ትንሽ ታገስ፣ አሁን ይደርሳሉ።”

ወጥ ቤት ውስጥ ያ ቧንቧ ጠብ… ጠብ… ይላል። ሁለቱም ይሰሙታል።

“ከንፈሬን ብቻ አርጥቢልኝ።”

ጨርቅ አንሥታ እስከ ቧንቧው ደርሳ ነበር። ድንገት አንዲት ጠብታ ብታመልጥስ? ይህን ሁሉ ሰዓት ጠብቆ በእኔ እጅ ቢበላሽስ? ጨርቁን ደረቁን ይዛ ተመለሰች።

በሦስተኛው ሲለምናት ፈገግ ለማለት ሞከረ። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ነበርና ፈገግታው አልሞላም። “እሱም እኮ በመስቀሉ ላይ ተጠምቶ ነበር” አላት። “ጥማት ያውቃል። አይቆጣሽም።”

“ታገስ፣ የኔ ጌታ። አሁን ደርሰህ ልታፈርሰው ነው?”

ቄሱ እያለከለኩ ደረጃውን ሲወጡ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። እሷ ዓይኑን ከከደነችለት ሩብ ሰዓት አልፏል።

ለቅሶ ላይ ሰው፣ “መጨረሻው እንዴት ነበር?” ይላል። ለምን እንደሚጠይቅ እንጃ፣ ግን ይጠይቃል። “ጾሙን ሳይፈታ ነው የሄደው” አለች። ይሄ እውነት ነው። ሴቶቹ ከንፈራቸውን ሲመጡላት ግን ምላሷ አንድ እርምጃ ቀደማት፤ “ውሃ ስሰጠው እንኳ አልፈልግም ብሎ።”

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጇ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር፤ ሰማ።

ልጇም ቧንቧ ሠሪ ነው፤ የአባቱን የዕቃ ቦርሳ እሱ ወርሷል። እስከዚያ ቀን ድረስ እሁድ ለእንቅልፍ የተፈጠረች የሚመስለው ሰው ነበር። ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ግን ለወጠችው። በየሰው ቤት ተንጋሎ፣ ፒንሳውን እየተቀበለ፣ “አባቴ እኮ ሞት ፊት ቆሞ ውሃ አልፈልግም ያለ ሰው ነው” ይላል። ሰው ይደነቃል። ጾም አጠበቀ፣ ጸሎት በሰዓት አደረገ፣ ሚስቱ ሆስፒታል ተረኛ ሆና አምሽታ ስትገባ ሳይቀር፣ “ጸልየሻል?” እያለ ይቀበላት ጀመር። የሰፈሩ ሰው፣ “ቁርጥ አባቱን!” ሲል አያት አንገቷን ትደፋለች። ልጇ አባቱን የመሰለ መስሎት እሷን ሆኖ ቁጭ አለ። ይህን ከእሷ በቀር ማን ያውቃል?

ስንቴ ልትነግረው አስባ፣ “ሆድ ይፍጀው” ብላ ተወችው። ያለ አባት የቀረ ልጅ፣ በዚህ ወሬ የቆመ ልጅ፣ ይሄ ከሥሩ ቢነሣበት የት ይወድቃል? እናት አይደለች!

ወጥ ቤት ያለውን ቧንቧ ግን አላስነካ አለችው። “እማዬ፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ እኮ ነው! ሰው ምን ይለኛል?” ቢላት፣ “ተወው” ከማለት በቀር ምክንያት አልሰጠችም። ከሥሩ አንድ የሸክላ ኩባያ አኑራለች። ጠዋት ሲሞላ ወስዳ ከባዶው አልጋ አጠገብ ታስቀምጠዋለች፣ ማታ አበባው ላይ ታፈሰዋለች። አንድ ቀን ረስታው ወጥታ፣ ከገበያው መሐል እየሮጠች ተመልሳለች። የፈሰሰ ውሃ እንደማይታፈስ ታውቃለች። ግን ካላስቀመጠች ቀኑ አይሄድላትም። ድሮ በቃል ትጨነቅ ነበር፣ አሁን በኩባያ።

ያለፈው ሳምንት ጉልበቷን አጠንክራ ቄሱ ዘንድ ሄደች። “አባ፣ አንዲት የማውቃት ሴት ነበረች” አለች። “ባሏ ሊቆርብ ሲጠባበቅ ውሃ ለምኗት… እሱም በጠና ታሞ… እና ከለከለችው። ደግ አደረገች?”

ቄሱ መነጽራቸውን አወለቁ። “ለሚሞት ሰው ውሃ? ማን ይከለክላል? ለታመመ እኮ የተፈቀደ ነው። ይህን ማን ነገራት?”

“እናቷ ይሆናሉ።”

“እናቷ ለጤነኛ ልጅ የነገሯትን ነው እንግዲህ ለሚሞት ሰው ያዋለችው።” አዩአትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ሴትየዋ ግን ደህና ናት?” አሉ።

“ደህና ናት፣ አባ” አለች። ስትወጣ መቀነቷ ከበሩ እጀታ ጋር ተያዘና ራሷን ለማላቀቅ ብዙ ታገለች።

እሁድ ጠዋት ልጇ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ የሰባት ዓመት ልጁን ሚጣን ይዞ መጣ። ሦስቱም ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ነው፤ ሚጣ ትቆርባለች። የልጅቷ ጉንጭ ቀልቷል፤ ታስላለች። አያት ገና በሩ ላይ ግንባሯን ነካች።

“ልጅቷ ትኩሳት አላት!”

“እማዬ ደግሞ፣ ከመጣን አንድ ደቂቃ አልሞላንም፣ ሕመም አገኘሽላት!” ብሎ ሳቀ። “ትንሽ ጉንፋን ናት። ጫማሽን አድርጊ ይልቅ፣ እንዳይረፍድብን።”

“አባዬ፣ ውሃ” አለች ሚጣ።

“ከቁርባን በኋላ።”

“ጉሮሮዬን ይከረክረኛል።”

“ትንሽ ታገሺ፣ አሁን እንደርሳለን።”

አያት የግራ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ቃሉ የራሷ ነው። የድምፁ ማባበል ሳይቀር የራሷ ነው።

ሚጣ ግን የልጅ ነገር፣ ትልልቆቹ ሲያወሩ ወጥ ቤት ገብታ ከቧንቧው ሥር ኩባያውን በሁለት እጇ አነሣች። አፏ ጋ ሳታደርሰው አባቷ ደረሰባት። ጮኾ አልተቆጣትም። በቀስታ ከእጇ ወስዶ፣ ውሃውን ዕቃ ማጠቢያው ላይ ደፋው። “የኔ እመቤት፣ ወንድ አያትሽ ሞት ፊት ቆሞ ውሃ ሲሰጡት ምን አለ? ነግሬሻለሁ አይደል?”

“አልፈልግም አለ” አለች ሚጣ፣ እንባዋን ውጣ።

“ጎበዝ።”

“አላለም” አለች አያት።

ልጇ ዞረ።

አያት ጫማውን አስቀመጠች። በአንድ እግሯ ጫማ፣ በአንድ እግሯ ባዶዋን ወደ ቧንቧው ሄደች። ከመደርደሪያው ብርጭቆ አንሥታ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው፣ ሞላችው፣ ለልጅቷ ሰጠቻት። “ጠጪ፣ እናቴ። ቀስ እያልሽ።”

“እማዬ! ምን ነካሽ? ልትቆርብ እኮ ነው!”

“አሟታል። ለታመመ ተፈቅዷል፤ አባን ጠይቄአለሁ።” እርጥብ እጇን በቀሚሷ ላይ ጠረገች። “ባይፈቀድስ? እግዚአብሔር ለዚህ ብሎ የሚጣላት ይመስልሃል? አባትህ አይመስለውም ነበር።”

“አባቴማ…”

“አባትህ ለምኖኝ ነበር። ውሃ ለምኖኝ ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኩት።”

ልጇ የደፋውን ኩባያ ገና በእጁ ይዟል። ሚጣ ከብርጭቆው ጠርዝ በላይ ሁለቱን ታያቸዋለች።

“ስንት ጊዜ?” አለ።

ይህን ይጠይቃል ብላ አልጠበቀችም። “ለምን?” ቢላት የምትመልሰው ታውቅ ነበር፤ አሥራ አንድ ወር ስታዘጋጀው ከርማለች። ቄሱ ዘገዩ፣ ፈራሁ፣ እናቴ፣ መሬት ተከፍቶ…

“ሦስት ጊዜ” አለች። “በሁለተኛው ከንፈሬን ብቻ አርጥቢልኝ አለኝ። ጨርቁን አንሥቼ ነበር። እዚህ ድረስ፣ እዚህ አንተ የቆምክበት ድረስ መጥቼ ነበር።”

ልጇ የቆመበትን ወለል አየ።

“በሦስተኛውስ?”

“አይቆጣሽም አለኝ።”

ልጇ ወደ ቧንቧው ዞሮ እጀታውን አጠበቀው። ደግሞ አጠበቀው፤ የእጁ ሥር እስኪገተር ድረስ። ጠብ አለ። እንደ ባለሙያ አጎንብሶ ከሥር ተመለከተ፣ ጎማውን በጣቱ ዳበሰ። አያት፣ አሁን ቦርሳዬን አምጪ ሊለኝ ነው፣ አሁን ሊጮኽብኝ ነው፣ አሁን ሊያለቅስ ነው፣ ብቻ አንድ ነገር ይበለኝ፣ ብላ ቆመች። ቢሰድባት እንኳ በወደደች።

“ልጄ” አለች። “እኔ እኮ ለእሱ ብዬ…” ለእሱ? ለየትኛው እሱ? አልጋው ላይ ለተኛው ነው፣ ወይስ በመስቀሉ ላይ ራሱ ተጠምቶ ለነበረው? ሁለቱም ውሃ አልከለከሉም ነበር።

ልጇ ባዶውን ኩባያ ከቧንቧው ሥር መለሰው። ጠብታው መሐሉ ላይ እንዲያርፍ በጣቱ ትንሽ ገፋ አድርጎ አስተካከለው። የኮቱን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ቆለፈ። በሚጣ አጠገብ ሲያልፍ እጁን ራሷ ላይ አሳረፈ፤ ብርጭቆውን ግን አልወሰደባትም።

በሩን ከፈተው። አያት ሰው ከቤቷ ሲወጣ ሁልጊዜ የምትለውን፣ “በሰላም ግባ፣ መንገዱን እይ፣ ጠርዝ ጠርዙን ሂድ” የሚለውን ልትል አፏን ከፈተች።

እሱ ግን ሚጣን ለአያቷ ትቶ ብቻውን ወጥቶ ሄደ።