በነዚፍ ጠረጴዛ ላይ ያለፈው ባቡር

ባሌ እንድርያስ ሰው ሰላም ሲለው እንኳን "ምን ፈልጎ ነው?" ይላል። ልብስ ሊለካ የመጣ ደንበኛ ትንፋሹን ሳብ ካደረገ፣ ኋላ ጠበበኝ ብሎ ሊጨቃጨቅ ያሰበ ይመስለዋል። ይህን አመሉን ይዞ ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ልብስ ሲሰፋ ኖሯል፤ እኔም ከጎኑ ቁልፍ እየተከልኩ እሰማዋለሁ። አንዳንዴ እስቃለሁ፣ ብዙውን ጊዜ እበሳጫለሁ። በነዚፍ ነገር ግን እኔም ተጠራጠርኩ።

ነዚፍ ጎረቤታችን ነው። የእሱን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከእኛ ሱቅ የሚለየው ኮምፔርሳቶ ብቻ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ለቅሶም ሆነ በዓል ቀድሞ የሚደርስልን እሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ አለችው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ የሱቁን መዝጊያ እስከ ግማሽ ያወርድና ከኋላ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ይገባል። ከዚያ ባቡር ይጮኻል።

ዲላ ባቡር ገብቶባት አያውቅም።

"ስልኩ ነው" አልኩት እንድርያስን።

"ስልክ እንዲህ አያጓራም። ስሚ!"

ሰማሁ። ጩኸቱ ሲያበቃ ብረት በብረት ላይ እየተንኳኳ ይሄዳል። ከዚያ ነዚፍ ብቻውን ይስቃል። እንድርያስ የስፌት መኪናውን አቁሞ ጆሮውን ኮምፔርሳቶው ላይ ይለጥፋል፤ እኔም ልስቅበት እያሰብኩ ከጎኑ እለጠፋለሁ።

ጊዜው ቴሌቪዥኑ ስለ ባቡር አውርቶ የማይጠግብበት ነበር። ሐዲዱ ወደ ሞያሌ ይወርዳል፣ ሲወርድም በእኛ በኩል ያልፋል ይባላል። ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም፤ ግን ሁሉም ያወራዋል። ነዚፍ ደግሞ በዚያው ሰሞን ስለ መሬታችን መጠየቅ ጀመረ።

መሬቱ ከይርጋጨፌ ወዲያ፣ ባንኮ ጎቲቲ ነው። የእንድርያስ አባት የጋሽ ዘርትሁን ቡና ነበር፤ ሲሞቱ ልጃቸውን እጁን ይዘው "ቡናዬን አደራ" ብለውታል። እንድርያስ ሰውን ሁሉ ቢጠረጥር ያንን ቡና አይጠረጥርም። በለቀማ ጊዜ ሱቁን ዘግተን እንሄዳለን፤ እሱም በየግንዱ ሥር እየቆመ አባቱ መቼ እንደተከሉት ይነግረኛል። አምናም ነግሮኛል፣ ካቻምናም ነግሮኛል፤ አልሰለቸኝም። ሌላ ቦታ እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼው ስለማላውቅ ነው።

"እንዱ" አለው ነዚፍ አንድ ቀን፣ "ከምንጩ በላይ ያለው ትልቁ ዛፍ ዋንዛ ነው ብርብራ?"

"ምን ይሠራልሃል?"

"እንዲያው ነው።"

ሌላ ቀን ማሳው ላይ ያለው ቤት ጣሪያው ሣር ነው ወይስ ቆርቆሮ አለን። ሌላ ቀን ደግሞ የመሬታችን ጎረቤት ለገበያ ሲመጣ "ያ የዲላው ሰውዬ ማሳችሁን ፎቶ ሲያነሳ ነበር" አለን። እንዲያው ነው ብሎ የሰው ማሳ ፎቶ የሚያነሳ ማን ነው? በዚያ ላይ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ የተሸከሙ ሁለት ሰዎች ከነዚፍ ሱቅ ትልልቅ ወረቀት ኮፒ አስደርገው ሲወጡ አየን። ከዚያ በኋላ እንድርያስ እንቅልፍ አልነበረውም።

በተከታዩ ዓርብ ከኮምፔርሳቶው ላይ አንድ ምስማር ነቀለና በቀዳዳው አየ። ሲዞር ፊቱ ዐመድ መስሏል።

"ፕላኑ ከእሱ ጋ ነው" አለኝ። "ተራራው፣ መንገዱ፣ ምንጩ፣ ሁሉም ጠረጴዛ ላይ ተሠርቷል። ሐዲዱ በአባቴ ደጅ ነው የሚያልፈው። በኮምፒዩተሩም ባቡር እየነዳ ነው፤ መጀመሪያ በኮምፒዩተር ይሞክሩታል ማለት ነው!"

እኔም አየሁ። ብርብራውን ለየሁት፤ ከሥሩም ትንሿን ቤት። አሥር ዓመት ሙሉ ጨው የተበዳደርነው ሰውዬ መሬታችንን ሊያስነሳብን እያወቀ ዝም ማለቱ አንገበገበኝ።

"በግልጽ እንጠይቀው" አልኩ።

"ከጠየቅነው ይጠነቀቃል። ስመኝ፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ።"

ከዚያ በኋላ የእንድርያስ አእምሮ የሚሠራው ስለ ካሳ ብቻ ሆነ። በመንገድ ሥራ ከመሬታቸው የተነሱ ሰዎች ነገሩኝ የሚለው ነገር ነበረው፤ ለቤት የሚከፈለው ለቡና ከሚከፈለው ይበልጣል፣ ስለዚህ ብልህ ሰው ፕላን ሳይነገር ቤት ይሠራል። ብዙ ሰው እንዲህ እንደሚያደርግ እኔም እሰማለሁ። "የአባትህንስ አደራ?" ስለው "ቡናው እንደሆነ ከእጃችን ወጥቷል፤ ቢያንስ በባዶ እጃችን አንቅር" ይለኛል። ተጣላን። ጎቲቲ ደርሶ ለመምጣት ሲነሳ አጥሩን አይቼ ልመለስ ብሎኝ ነበር። የተማሪዎች ዩኒፎርም ተከምሮብኝ ስለነበር አብሬው አልሄድኩም።

ጨርሼ ጎቲቲ ስደርስ የማውቀው ጥላ የለም። ጋሽ ዘርትሁን የተከሉት ቡና ከሥሩ ተቆርጦ ዳር ተከምሯል፤ ቅጠሉ ገና አልጠወለገም ነበር። በቦታው አናጢዎች የካሳ ቤቱን ቆርቆሮ ይመታሉ። እንድርያስ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ጮህኩበት፣ ሰደብኩት፣ አለቀስኩ።

ከዚያ ጠበቅን። ክረምት ገብቶ ወጣ። የሚለካም፣ ምልክት የሚተክልም አልመጣም። በለቀማ ጊዜ ጎረቤቶቻችን ቅርጫት ይዘው ሲወጡ እኛ ዲላ ተቀምጠን ሱሪ እናሳጥር ነበር። በኮምፔርሳቶው ማዶ ግን ዓርብ ዓርብ ባቡሩ ይጮኻል፣ ነዚፍም ይስቃል። አንድ ዓርብ እንድርያስ መቀሱን ወርውሮ ተነሳ። ግማሽ የወረደውን መዝጊያ አጎንብሶ አለፈ፤ ተከተልኩት።

"መቼ ነው የሚጀምሩት?" ብሎ አፈጠጠበት።

ነዚፍ እጁን ኮምፒዩተሩ ላይ እንዳደረገ ደነገጠ። "ምኑን?"

"ሐዲዱን! ፕላኑ አንተ ጋ አይደል!"

ነዚፍ ወደ ጠረጴዛው አየ፣ ወደ እኛ አየ፤ ፊቱ ቀላ። "ወላሂ፣ ይህ ጨዋታ ነው" አለ። "ሰው እንዳይስቅብኝ ነው በሩን የምዘጋው። የሦስት ልጆች አባት ባቡር ሲጫወት እንዴት ይነገራል?"

"የቀያሾቹስ ወረቀት?"

"የውኃ መስመር ነው። ኮፒ አድርገው ሄዱ።"

እንድርያስ አላመነውም። ነዚፍም እንዳልታመነ ሲያውቅ ሁሉንም ያሳየን ጀመር። ልጅነቱ ናዝሬት፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። ጩኸቱን ሰምቶ ሳይሮጥ የቀረበት ቀን አልነበረም። ትንሿን ባቡር ከዱባይ ዘመዱ አመጣለት። ተራራውን በአሮጌ ጋዜጣና በሙጫ ሠራው፤ ሣሩ አረንጓዴ የተቀባ የቡና ጆንያ ነው፤ ብርብራው የተጠማዘዘ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። በኮምፒዩተሩ ደግሞ የሰው አገር ባቡር ይነዳል።

"ፍሬኑን ቀስ ብለህ ካልያዝከው ተሳፋሪው ይንገላታል" አለ፣ አፍሮ የነበረው ሰውዬ አሁን ዓይኑ እየበራ። "በትክክል ጣቢያው ላይ ሲቆምልኝ ነው የምስቀው። ስመኝ፣ ነይ ሞክሪው!"

"ሌላ ጊዜ" አልኩት።

"ለምን በእኛ ደጅ?" አለ እንድርያስ። ድምፁ ወርዷል።

"በአባትህ ምክንያት ነዋ። አንዴ እዚያ መኪና ተበላሽቶብን በዝናብ ቆመን ሳለ ጋሽ ዘርትሁን አይተው ወደ ቤት አስገቡኝ። ስለ ባቡር ሳወራላቸው ዋልኩ፤ አይተው አያውቁም ነበር። 'በደጄ ቢያልፍ ቡናዬን ጭኜ ወደ ባሕር እሰደው ነበር' ብለው ሳቁ። አሳይዎታለሁ ብያቸው ነበር፤ ሳላሳያቸው ሞቱ። ስለዚህ በደጃቸው አሳለፍኩት።"

አንድ ቁልፍ ተጫነና ትንሿ ባቡር ተነሳች። ተራራውን ዞራ፣ ድልድዩን አልፋ፣ ከብርብራው ሥር ቆመች። ከጣቢያዋ ጀርባ ቡናው አለ። ጥቅጥቅ ያለ፣ ከዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ የተቆረጠ፣ በቀይ ቀለም ፍሬ ፍሬ የተደረገበት። ጥላው እንኳን አለ። ጋሽ ዘርትሁን የተከሉበት ረድፍ ሳይዛባ ተቀምጧል።

እንድርያስ ጎንበስ ብሎ አየው። ጣቱን ዘርግቶ ሊነካው ሲል መለሰው።

"ልክ እንዲሆን ነው የምፈልገው" አለ ነዚፍ። "ካየሁት ግን ቆየሁ። እዚያ ካለው ጋር የማይገጥም ነገር ካለ ንገሩኝ፤ ዛሬውኑ አስተካክላለሁ።"

እኔን አየኝ። እኔ እንድርያስን አየሁት።

"ምንም የለም" አለ ባሌ። "እንዳለ ተወው።"