ጨረቃን የሚለምን ዘፈን

ኑሪት መሰላሉ ላይ ቆማ የጨረቃዋን ጉንጭ በነጭ ቀለም እየሞላች ሳለ፣ እናቷ ወይዘሮ ካሣነሽ ምሳ ቋጥረው በመዋለ ሕፃናቱ በር ገቡ። ግድግዳውን ሲያዩ እግራቸው ተገታ።

"ይህችን ጨረቃ ምን ያስቃታል?" አሉ።

"የኛ ዘፈን እኮ ናት እማዬ። አንቺው ያስተማርሽኝ።"

የመዋለ ሕፃናቱ አስተማሪ ሃጋር ግድግዳው ላይ የልጆች ዘፈን እንዲሳል ፈልጋ ነበር። ኑሪት የመረጠችው በልጅነቷ እዚሁ እስራኤል፣ ርሖቮት ከተማ፣ በሕንፃዎቹ መካከል የተጫወተችበትን ነው። ሁለት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቅስት ይሠራሉ፤ ሌሎቹ በሥሩ እየሾለኩ ይዘፍናሉ፦

"ጨረቃ ጨረቃ ተሸፈኚ፣
ልጄ ትለፍበት፣ ዓይንሽን ክደኚ።"

ሥዕሉ ሰፊ ሰማያዊ ሜዳ ነበር። በሜዳው ነጭ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ትሄዳለች። የግቢው ብርቱካን ዛፍ ጥላ እርጥቡ ቀለም ላይ ሲወዛወዝ ልጅቷ በእውነት የምትራመድ ትመስል ነበር።

ካሣነሽ ከልጆቹ ዝቅተኛ ወንበር በአንዱ ላይ ተቀመጡ።

"ጨዋታ አልነበረም" አሉ። "ዘፈኑ የወጣው ወደዚህ አገር ስንመጣ፣ ሱዳን መንገድ ላይ ነው። ካንቺ በፊት ልጅ ነበረችኝ።"

ኑሪት ብሩሿን እንደያዘች ከመሰላሉ ወረደች። ስለዚያ መንገድ በጠየቀቻቸው ቁጥር "ረጅም ነበር" ብለው ወሬ ይለውጡ ነበር።

"ንዳድ ነው የወሰዳት" አሉ ካሣነሽ። "እንቅበራት ስንል ጨረቃዋ እንደ ቀን ታበራለች። መሪያችን፣ 'ወታደሮች ያዩናል፣ ማንም ንቅንቅ እንዳይል' አለ። አልቅሶ መቅበር እንኳ አልተቻለም። እናቴ ልጄን እንደታቀፈች ወደ ላይ ቀና ብላ፣ በሹክሹክታ ጨረቃን ለመነቻት። ቃሉ ያኔ ከአፏ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ደመና መጣ፤ አፈር አለበስናት።"

"ታዲያ 'ትለፍበት' ማለት..."

"አዎ ልጄ። ማለፍ አንድ ዓይነት አይደለም። የስደተኞች ካምፕ ስንደርስ ሴቶቹ ለልጆቻቸው ያዜሙት ጀመር። ልጆች ደግሞ ጨዋታ አደረጉት። እኔም ዝም አልኩ። ስትስቁበት ደስ ይለኝ ነበር።"

"ስሟ ማን ነበር?"

"አመለወርቅ።"

ኑሪት ስሙን በሹክሹክታ ደገመችው። አፏ ላይ ጣፈጣት፤ ደረቷ ላይ ግን ከበዳት። ግድግዳው ከፊቷ የራቀ መሰላት። ሌሊቱ ሰፋ፤ ሜዳው ነፋስ ነፋስ ሸተታት።

"ላጥፋው እማዬ?"

"ለምን ብለሽ? ልጆቹን አታስፈራሪብኝ። ጨረቃዋም ትሳቅ።" ካሣነሽ ነጠላቸውን ሰብስበው ሥዕሉን ትክ ብለው አዩት። "ብቻ ልጅቷ ብቻዋን ናት። እኛም ብቻዋን ትተናት ነው የሄድን።"

ሃጋር ከውስጥ ብቅ አለች። "ኑሪት፣ ልጆቹ ሊወጡ ነው። ጨረስሽ? ቤሰደር?" አለቻት፤ 'ሁሉ ደህና ነው?' ማለቷ ነበር በዕብራይስጥ።

"ገና ነኝ" አለች ኑሪት። ቡናማውን ከትንሽ ቀይ ጋር አዋሐደች። መሰላሉን ገፋ አድርጋ መሬት ላይ ተንበረከከችና፣ ከልጅቷ ጎን አንድ ራስ የምታንስ ሌላ ልጅ መሳል ጀመረች።

"ይህችስ ማናት?" አለች ሃጋር።

"ታናሽ እህቷ" አለችና እጆቻቸውን አያያዘቻቸው።