የመምሬ ወልደ ሐዋርያት ትከሻ

«ተረኛ!» ብላ ነርሷ በሩን ስትከፍት መምሬ ወልደ ሐዋርያት ብድግ አሉ፤ ወዲያው ግን ከጎናቸው ያለችውን ሴት አይተው መልሰው ቁጭ አሉ። ሴትዮዋ ቀኗ የገባ እርጉዝ ናት። እሷን አሳለፉ። ችግሩ ከእሷ ቀጥላ ያለችውም፣ ከዚያ ወዲያ ያሉትም እርጉዞች መሆናቸው ነው። አልትራሳውንድ የሚባለው መሣሪያ እዚህ ባሕር ዳር ከመጣ ጀምሮ ሌላ በሽተኛ አልታየበትም። በዚያ ሁሉ ሆድ መካከል ጥምጣም ያሰሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«እንዲህ እያሳለፉ ከተቀመጡማ ስንት ወርዎ ነው መባልዎ አይቀርም» አለች ባለቤታቸው የሺአረግ።

«አንቺ ሴት፣ እረፊ!»

«አላርፍም። ላርፍ ብዬ አይደለም ከደቅ ደሴት ድረስ የመጣሁ።»

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። መምሬ ውሃ የጠጣ ታንኳቸውን እንዲደርቅ ሐይቁ ዳር ሊያቆሙ ሲታገሉ እግራቸው አዳለጣቸውና ቀኝ ትከሻቸው ቀጭ አለ። ወጌሻው አምባቸው በቅቤ አሽቶ፣ ስቦ፣ «ገብቷል» አላቸው። በኋላ ባሕር ዳር ተሻግረው ራጅ ቢነሡ አጥንታቸው ደህና መሆኑ ተነገራቸው። መምሬም «ደህና» የሚለውን ቃል ብቻ ይዘው ተመለሱ። ክንዳቸው ግን ከሆዳቸው በላይ አልነሣም አለ። ምእመናን መስቀል ለመሳለም እስከ ጉልበታቸው መታጠፍ ግድ ሆነባቸው፤ ምን ሆነው ነው ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

አሁን ጥምቀት ደርሷል። በደሴቲቱ ታቦቱን በራሳቸው ላይ ተሸክመው፣ በሁለት እጃቸው ደግፈው ወደ ሐይቁ የሚያወርዱት ከወጣትነታቸው ጀምሮ እሳቸው ናቸው። ሌላ ቄስ ጠፍቶ አይደለም፤ ወጣቱ ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ አለ። ስሙ በተነሣ ቁጥር ግን መምሬ «ልጅ ነው፣ እግሩ ይቸኩላል» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሸክም ለሌላ ከለቀቁ የቀረው ክህነታቸው ሁሉ ባዶ ይሆንባቸዋል። ዛሬም የመጡት ለመታከም ሳይሆን፣ መሣሪያው «ደህና ነዎት» ብሎ የሚስታቸውን አፍ እንዲዘጋላቸው ነበር።

ዶክተር ፀሐይወርቅ ከምሥራቅ ጀርመን ተምራ የተመለሰች የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ትከሻ በአልትራሳውንድ ማየት የተማረችው እዚያ ነው። ባልደረቦቿ «ደግሞ ቄስ ልታዋልጂ ነው?» ብለው ቢስቁባትም ወደኋላ አላለችም።

«መጀመሪያ ጤነኛውን እንየው» ብላ ግራ ትከሻቸው ላይ እንደ ተልባ የሚያሟልጭ ቀዝቃዛ ነገር ቀባች። ጠፍጣፋዋን መዳሰሻ ስታሳርፍበት በመሣሪያው መስኮት ላይ ግራጫ ጭጋግ ታየ። «ይቺ ክብ የክንድዎ አጥንት ናት። በላይዋ የተነጠፈው ነጭ ደግሞ ጅማት ነው፤ ክንድ የሚያነሣው እሱ ነው። አሁን ቀኝ እጅዎን ወደ ኋላ፣ ወገብዎ ላይ ያድርጉልኝ።»

መምሬ ጥርሳቸውን ነክሰው አደረጉ። በቀኙም ክቧ አጥንት ታየች። በላይዋ የተነጠፈው ነጭ ግን መካከሉ ላይ ጥቁር ቀዳዳ ነበረው።

«ጅማቱ ከግማሽ በላይ ተበጥሷል። ራጅ ይህን አያሳይም፤ እሱ የሚያየው አጥንት ነው።»

«ወጌሻው ገብቷል ብሎኝ ነበር እኮ።»

«ያልወጣ ምን ይገባል፣ አባቴ? ትከሻዎ አልወለቀም ነበር። የቀረችው ጅማት ናት የያዘችልዎ፤ ከራስዎ በላይ ሸክም ከደገፉባት እሷም ትበጠሳለች።»

«ልጄ፣ ታቦቱ ራሱ ያበረታኛል።»

የሺአረግ ከበሩ ሥር ሆና «ሙቀጫዬን ሲሸከሙስ ምነው አላበረታዎትም?» አለች።

መምሬ ደነገጡ። ክንዳቸውን ሊፈትኑ ሙቀጫውን በነጠላ ጠቅልለው፣ በራሳቸው ላይ ተሸክመው፣ ጎህ ሲቀድ ግቢውን ሲዞሩበት ማንም ያየ አልመሰላቸውም ነበር። ከእጃቸው አምልጦ ድንጋይ ላይ ሲሰነጠቅም ጥጃው ነው የገፋው ብለዋት ነበር።

«አይቻለሁ» አለች። «ለጥጃው ብዬ አይደለም ዝም ያልሁ።»

መምሬ ዓይናቸውን ወደዚያ ጥቁር ቀዳዳ መለሱ። ለክንዳቸው አልነበረም የፈሩት። እልልታው በቀለጠበት፣ ሕዝቡ በተደፋበት መካከል ቀኝ እጃቸው ሲከዳቸው ታያቸው፤ ቀጥሎ የሚሆነውን ለማሰብ እንኳ ዘገነናቸው።

«ይድናል?» አሉ ቀስ ብለው።

«አሁን ካሳረፉት ሊድን ይችላል። ቀስ በቀስ የሚያሠሩት እንቅስቃሴ አሳይዎታለሁ።»

«ለከርሞ ጥምቀትስ?»

«ለከርሞው ቃል አልገባልዎም። ዘንድሮ ከተሸከሙ ግን መስቀሉን እንኳ ደህና አድርገው አያነሡም፤ ለዚህ ቃል እገባለሁ።»

መምሬ ተናደዱ፤ መናደዳቸው ግን በእሷ ላይ አልነበረም። «እሰሪው እንግዲያ» ብለው ክንዳቸውን ሰጧት። በነጭ ጨርቅ አንገታቸው ላይ አንጠለጠለችላቸው።

ጀልባው ላይ ማንጠልጠያውን በጋቢያቸው ሸፍነው ደቅ ደረሱ። ወደቡ ላይ ከቆመው ሕዝብ መካከል ተክለ ጊዮርጊስ እንደ ልማዱ እየሮጠ መጥቶ ጎንበስ አለላቸው።

«እንዴት ዋሉ፣ መምሬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ነገ ማልደህ ቤት ና።»

«ምነው፣ በደህና?»

«ዘንድሮ ታቦቱን አክብረህ የምታወርድ አንተ ነህ። ግን እግርህ ይቸኩላል፤ መጀመሪያ ሙቀጫ ተሸክመህ ግቢውን ስትዞር ልይህ።»

«የምን ሙቀጫ?» አለ ግራ ገብቶት።

«የሺአረግ ታወጣልሃለች» አሉና በግራ እጃቸው ጋቢያቸውን ገፈው ትከሻው ላይ ጣሉበት። ነጩ ማንጠልጠያ ለወደቡ ሰው ሁሉ ታየ። መምሬ አልሸፈኑትም፤ እንደዚያው ሆነው ከፊት ከፊት እየመሩ ዳገቱን ወጡ።